በጀርባዬ ስለተዘጋችው ቱቦና በቅጹ ላይ ስላልተገኘው ዘመዴ

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር በዛብህ
የወይራ ጥላ ሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር
አሰላ

ጉዳዩ፡- ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ሰሞኑን ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ክፉ ነውና ደረትዎን እንዳይመታዎት፣ እንቅልፍዎ እንዳይጓደል፣ ጠዋት ከመኪናዎ ወርደው እስከ ቢሮዎ የሚራመዱባት ደረጃም እንዳታዳልጥዎ ከልብ እመኛለሁ። በጤናዎ ላይ ይህን ያህል መጨነቄ ቢገርምዎት፣ በሆስፒታልዎ አሥራ አንድ ቀን ተኝቼ ጤና ምን ያህል ውድ ነገር እንደሆነ በሚገባ ስላስተማራችሁኝ ነው።

ስሜ ሐመልማል ዘሪሁን ይባላል። በሃያ አራት ዓመቴ ከደሴ ተመድቤ ወደዚህ ከተማ መጣሁ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሰው ደብዳቤ ስቀበል፣ ስመዘግብና ወደየማህደሩ ሳስገባ ኖሬ አምና ጡረታ ወጣሁ። ከሆስፒታሉ በወጣሁ ማግስት በአካል ቀርቤ ላመሰግንዎት ፈልጌ ነበር። ጸሐፊዎ ግን ለምስጋናም ቢሆን ቀጠሮ እንደሚያስፈልግ፣ የቀጠሮ ሰዓት ደግሞ እስከ ገና ድረስ እንደሌለ በትሕትና አስረዳችኝ። ምስጋና እስከ ገና ከቆየ ሊሻግት ስለሚችል ሰው ሁሉ ሊያነበው በሚችል መንገድ ለማቅረብ ተገድጃለሁና በቅድሚያ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

1ኛ. በግቢዎ በር ላይ ስለተሰቀለው ትልቅ ጨርቅ አመሰግናለሁ። «ያለ ሕመም፣ በትንንሽ ቀዳዳ ብቻ፣ የሐሞት ጠጠርዎን አስወግደው በማግስቱ ወደ ቤትዎ» ይላል። እኔ ጠጠሩ ከታወቀልኝ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሲነሳብኝ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ጀምሮ እስከ ትከሻዬ ይይዘኛል፤ አንድ ጊዜ ከኢተያ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ተነስቶብኝ ሹፌሩ የሰከርኩ መስሎት መንገድ ላይ ሊያወርደኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በእናንተ በር ባለፍኩ ቁጥር ያንን ጨርቅ ቆሜ አነበው ነበር። ፊደሉ በጣም ያምራል።

2ኛ. ዶክተር ዑራኤልን ስለቀጠሩልን አመሰግናለሁ። ይህ ምስጋና እውነተኛ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀልብዎት አደራ እላለሁ። ዶክተር ዑራኤል ከደብረ ታቦር የመጣ የማደንዘዣ ሐኪም ነው። ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም አያልፍም። ቀዶ ሕክምናው ሊደረግልኝ አንድ ቀን ሲቀረው ወደ አልጋዬ መጥቶ ጠርዙ ላይ ተቀመጠና ስለ ደረቴ ጠየቀኝ። በልጅነቴ የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግራ ሳንባዬ አለ ከማለት የለም ማለት እንደሚቀል ነገርኩት። እሱም በቀጠሮ ካርዴ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የጀርባ አጥንት ሥሎ አስረዳኝ። በቀዳዳ ለሚሠራ የሐሞት ቀዶ ሕክምና አብዛኛው ሰው ኪኒንና መርፌ እንደሚበቃው፣ ለእኔ ግን ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ መርፌ ትንፋሼን ሊያደክምብኝ እንደሚችል፣ ስለዚህ በጀርባ አጥንቴ መካከል ከስፌት ክር እምብዛም የማትወፍር ቱቦ አስገብቶ ሁለት ቀን ያህል መድኃኒቱ በፓምፕ ጠብ ጠብ እንዲል እንደሚያደርግ ነገረኝ። ስሟም ኤፒዱራል እንደሚባል አክሎ ገለጸልኝ። እኔ ግን ከሕመሙ ይልቅ በጀርባ የሚገባ ነገር ስለሚያስፈራኝ ግድ የለም፣ እችለዋለሁ አልኩት።

«መቻልዎን አልተጠራጠርኩም» አለኝ። «ካመመዎት ግን አይስሉም፤ ካልሳሉ ሳንባዎ ይዘጋል። ቱቦዋን የማስገባልዎት እንዲስሉልኝ ነው።»

በሠላሳ ሰባት ዓመት የአሰላ ኑሮዬ ሳሌን የፈለገ ሰው ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። እሺ አልኩት።

3ኛ. ስለ ቅጹ። እዚህ ላይ ትንሽ እንድዘገይ ይፍቀዱልኝ።

ኤፒዱራል የሚገባለት ታካሚ በማንኛውም ሰዓት የቅርብ ቤተሰብ የሆነ አስታማሚ ከአጠገቡ ሊኖረው እንደሚገባ የሚደነግገው መመሪያችሁ በምዝገባው መስኮት ላይ ተለጥፏል። ደንቡ ያለ ምክንያት ወጣ አልልም። መድኃኒቱ እግር ያዝላል፣ የደም ግፊትም ሊያወርድ ይችላል፤ ታማሚው ብቻውን ሊነሳ ቢሞክር ይወድቃል። ለሃያ አራት አልጋ ሁለት ነርስ ባለበት ክፍል ደግሞ የወደቀን ሰው ማን ቶሎ ያየዋል? ተራ ሰው ቢሆን ነርስ ይጨመር ብሎ ያስብ ነበር። አገሩ እናት፣ እህትና ሴት ልጅ ሞልቶት ሳለ ነርስ መጨመር ብክነት መሆኑን ለማስተዋል ግን የእርስዎን ዓይነት አርቆ አሳቢነት ይጠይቃል።

ችግሩ የእኔ ነበር። አላገባሁም፤ ለምን እንዳላገባሁ ቅጻችሁ ስለማይጠይቅ እዚህ አልጽፈውም። እህት ወንድም የለኝም። እናቴን ወይዘሮ የሺሃረግን ስታረጅ ከደሴ አምጥቻት አብረን ኖርን፤ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጎረቤት የለሽም ወይ ይሉኝ ይሆናል። አለኝ፤ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ በዚያ ሰሞን ልጇን ልታርስ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። የእድራችን ሰዎችም አሉ። መንገድ ላይ ሰላም የምባባላቸው፣ የልጆቻቸውን ስም የማውቅ፣ ለልቅሷቸው ድንኳን ውስጥ የተቀመጥኩላቸው ሰዎች በአሰላ ከመቶ አያንሱም። ያን ቀን ግን ቅጹን ይዤ ከምዝገባው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ከመቶዎቹ ውስጥ ሁለት ሌሊት አጠገቤ ተቀመጭልኝ፣ ሽንቴን ድፊልኝ ብዬ የምጠይቃት ሴት አሰብኩ። ፊታቸውን አንድ በአንድ አስታወስኩ። ለአንዳቸውም ሳልደውል አንድ ሰዓት አለፈ። ያስቸገርኩት ሰው ሳይኖር ስድሳ ዓመት መሙላቴ የሚያኮራኝ ነገር ነበር፤ በዚያ አግዳሚ ላይ ግን ትርጉሙ ሌላ ሆነብኝ።

ስለዚህ ዋሸሁ። በአስታማሚ ስም ሥር የእናቴን ስም፣ የሺሃረግ ሣህሌ ብዬ ጻፍኩ። በዝምድና ሥር እናት አልኩ። በስልክ ቁጥር ሥር የራሴን ሁለተኛ ስልክ፣ ትንሿን ባለ ቁልፍ ስልኬን ቁጥር ሞላሁ። መዝጋቢዋ ማህተም መትታ ተቀበለችኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰነድ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝና በሐሰት ሰነድ መግባቴን እዚሁ በገዛ እጄ አምኜ እፈርማለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ዶክተር ዑራኤል ትራስ አሳቅፎ፣ ጀርባዬን አጉብጦ፣ አሁን ብርድ ይሰማዎታል፣ አሁን ደግሞ ግፊት ይሰማዎታል እያለ ቱቦዋን አስገባልኝ። ከዚያ አስተኙኝ። ቀጥሎ የሆነውን ያየሁት እኔ አይደለሁም፤ ኋላ ነቢላ ነገረችኝ።

ነቢላ ጉቱ የጎበሳ ገጠር ሴት ናት፤ ገብስና ሽንኩርት ታመርታለች። በእኔ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ እንቅርት የተቀደዱትን የባሏን እናት አዴ ራቢያን ታስታምም ነበር። ከእኔ ጋር የነበራት ትውውቅ በዋዜማው በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ ልታካፍለኝ ስትል ቅቤ ስለተከለከልኩ ባለመብላቴ ያዘነችው ብቻ ነው። እኔ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሳለሁ ከአልጋዬ ሥር የተቀመጠው ቦርሳዬ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ዝም ብላ አሳለፈችው። እንደገና ጮኸ። በሦስተኛው፣ ዘመድ ተጨንቆ ይሆናል ብላ አወጣችና አነሳችው። ደዋዩ ዘመድ አልነበረም፤ የእናንተው የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነች። የሐመልማል ዘሪሁን አስታማሚ ነዎት ወይ፣ ታማሚዋ በሰላም ወጥታለች፣ ከአልጋው ጋር የሚሄድ ሰው ስለሚያስፈልግ ቶሎ ይምጡ አለቻት።

ለሆስፒታሉ የዘመድ ቁጥር ብዬ የሰጠሁት በራሴ ቦርሳ ውስጥ ያለውን ስልክ መሆኑ ለነቢላ የገባት ያኔ ነው። ከዚያ አዎ፣ አስታማሚዋ ነኝ፣ መጣሁ አለችና ወረደች።

ስነቃ ሻሿን እያስተካከለች አጠገቤ ቆማለች። ስለ ስልኩ ምንም አላለችኝም። ሆዴ ላይ አራት ትንንሽ ፋሻ አለ፤ ሕመም ግን የለም። የሆነ ነገር እንደተደረገብኝ አውቃለሁ፤ ግን ከማዶ ሰፈር እንደሚሰማ ወሬ ሩቅ ነው። ዶክተር ዑራኤል መጥቶ እንድስል ጠየቀኝ፤ ሳልኩለት፤ ደስ አለው። በየሰዓቱ አሥር ጊዜ በጥልቀት መተንፈስ እንዳለብኝ ለነቢላ ነግሯት ሄደ። እሷም ማክሰኞን ሙሉ፣ ረቡዕም እስከ ከሰዓት በኋላ፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያለች በኦሮምኛ ትንፋሼን ትቆጥርልኝ ነበር። አሥር ስትደርስ አብሽሪ ትለኝና ወደ አማቷ ትዞራለች። ዶክተር፣ በዕድሜዬ ትንፋሼን ሰው ቆጥሮልኝ አያውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ የምተነፍሰው እንባዬ እንዳይታይ ነበር።

4ኛ. ስለ ዋርድ አስተባባሪው ስለ አቶ ይስሃቅ ትጋት። በሃያ አራት አልጋ መካከል እየተዘዋወረ የአስታማሚ ካርድ የሚመረምር ሰው ስለመደባችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መዝገቡን ይዞ አልጋዬ ዘንድ ደረሰ። መዝገቡን አየ፣ ነቢላን አየ፣ እንደገና መዝገቡን አየ። ነቢላ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የስድሳ አንድ ዓመት ሴት እናት ልትሆን አትችልም። ይህን በሦስት እይታ ማወቁን አደንቃለሁ።

«እናትዎ የት ናቸው?» አለኝ።

የጎብኚ ሰዓት ስለሆነ በየአልጋው ልጅም ባልም ብርቱካን የያዘ እንግዳም ነበር። ቀስ ብዬ ብናገር ይሻል ነበር፤ ግን ቱቦዋ ሕመሜን እንጂ ድምፄን አልያዘችውም።

«ሞታለች» አልኩት። «ዘጠኝ ዓመት ሆናት።»

ማክሰኞ ሲደወል ስልኩን ያነሳው ማነው ብሎ ጠየቀ። ነቢላ እኔ ነኝ አለች። ምኗ ነሽ አላት። ነቢላ እኔን አላየችኝም፤ እሱን ብቻ እያየች «እህቷ ነኝ» አለችው።

አቶ ይስሃቅ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። የአባታችንን ስም ጠየቀ። ዘሪሁን አልኩ፤ ጉቱ አለች። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፈና ሥራቸው መስመር አሰመረ። ከዚያ አንድ አስታማሚ ሁለት ታማሚ መያዝ እንደማይችል፣ የሐሰት ዝምድና መናገርም ጥፋት እንደሆነ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ የነቢላ ካርድ እንደሚያዝ፣ እኔም አስታማሚ የሌለኝ ስለሆንኩ ለደኅንነቴ ሲባል ፓምፑ እንደሚቆም በጥሩ አማርኛ አስታወቀ። ዶክተር ዑራኤል በዚያ ሰዓት ከሲሬ የመጣች አንዲት ወላድ ጋ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነበር። ተረኛዋ ነርስ እሱ እስኪወጣ እንጠብቅ ብትልም መመሪያ ነው አላት። ፓምፑን የዘጋችው ታዝዛ ነውና በእሷ ቅሬታ የለኝም። በምትኩ ኪኒን ሰጠችኝ።

ነቢላን ጥበቃዎች እስከ ውጭ በር ሸኟት። ካርዷ ስለተያዘ በአንድ ምት ሁለት ታማሚ ያለ አስታማሚ ቀረ፤ አንዷ ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረብኩት እኔ፣ ሌላዋ ምንም ያላጠፉት የሰባ ዓመት አሮጊት አዴ ራቢያ። ለእኔ ያላችሁትን ቅጣት ተቀብያለሁ። የእሳቸውን ግን እስካሁን በየትኛው ማህደር እንደማስገባው አላወቅኩም።

መድኃኒቱ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ቀስ እያለ ወጣልኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን እስኪነጋ ድረስ አልጽፈውም። የሚጻፍ ነገር የለውም፤ አራት ቀዳዳ እንደዚያ ያማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፣ ይኸው ነው። ሳሉ ሲመጣ እየዋጥኩ መለስኩት። ዶክተሩ ያለኝን አልረሳሁም፤ ግን አልቻልኩም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ንጋት ላይ፣ መስኮቱ ሲነጣ፣ አዴ ራቢያ አንገታቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ ከፋሻው የወጣችውን የደም ማጠራቀሚያ በአንድ እጃቸው ይዘው ከአልጋቸው ወረዱ። ድምፃቸው ገና አልተመለሰም። ትራሳቸውን አምጥተው ሆዴ ላይ አደረጉትና በመዳፋቸው ጫን አሉት፤ ከዚያ በሌላው እጃቸው ወደ ገዛ ደረታቸው እየጠቆሙ እንድስል አሳዩኝ። ጎበሳ ውስጥ በትራስ ሆድ ደግፎ ማሳል ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፤ ምናልባት ስድስት ልጅ መውለድ ያስተምር ይሆናል። ሳልኩ። ጮህኩም። እሳቸው ትራሱን አልለቀቁም። ሆስፒታላችሁ ታማሚን በታማሚ የማስታመም ይህን አዲስ ስልት በማስጀመሩ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ በሩ ላይ ባለው ጨርቅ ላይ ቦታ ከተገኘ ቢጨመር መልካም ነው።

ሐሙስ ጠዋት ዶክተር ዑራኤል ገብቶ ያየው ይህንኑ ነው። ፓምፑን አየ፣ ትራሱን አየ። አዴ ራቢያን እጃቸውን ይዞ ወደ አልጋቸው መለሳቸው። መድኃኒቱን ራሱ ከፈተልኝና ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። አቶ ይስሃቅ መዝገቡን ይዞ ሲመጣ የአስታማሚውን ስም ማን ልበል አለው። ዶክተር ዑራኤል መዝገቡን ከእጁ ወስዶ በራሱ እጅ ስሙን ጻፈ፤ በዝምድና ረድፍ ላይ «ሐኪሟ» ብሎ ሞላና መለሰለት። ከዚያ ወደ እርስዎ ቢሮ ሄደ። እዚያ ምን እንደተባባላችሁ አላውቅም። ነቢላ ስድስት ሰዓት ላይ ካርዷ ተመልሶላት ገባች፤ ስለዚህ የተባለው ነገር ትክክል ነበር ብዬ እገምታለሁ። በማግስቱ ደግሞ «ከሥራ ድርሻው ውጭ በአስተዳደር ጉዳይ ጣልቃ በመግባት» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ለዶክተር ዑራኤል በፊርማዎ ወጥቶ፣ ግልባጩ በመተላለፊያው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ስለዚህ የተባለው ነገር በጣም ትክክል እንደነበር ተረዳሁ።

ለእኔ ግን አንድ ሌሊት ዘግይቶ ነበር። ዓርብ ትኩሳት ያዘኝ። በግራ በኩል ያለችኝ ግማሽ ሳንባ ምች መታት፤ በማግስቱ ወደ ቤትዎ ከሚለው ጨርቅ ሥር ስምንት ቀን ተጨማሪ ተኛሁ። አልሞትኩም። ይህንንም ለሆስፒታሉ መልካም ስም ስል በደስታ እመሰክራለሁ።

ቅዳሜ አዴ ራቢያ ተሰናበቱ። ነቢላ ዕቃዋን ስታስር ቆየች፤ ያሰረችውን እየፈታች መልሳ ታስር ነበር። ገብሱን የሚያጭደው የኮምባይን ወረፋቸው ደርሶ ነበርና ከዚያ በላይ መቆየት አልቻለችም። ስልኬን ተቀብላ ቁጥሯን ስትሞላ በምን ስም ላስገባው አለችኝ። እንደፈለግሽ አልኳት። ምን ብላ እንዳስገባችው ኋላ አየሁ፤ እሱን ግን ለአቶ ይስሃቅ መዝገብ ስለማይሆን እዚህ አልጽፈውም። አዴ ራቢያ ግንባሬን ነክተው ሄዱ። አልጋቸው እስከ ማታ ባዶ ዋለ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ተነፈስኩ፤ የምቆጥረው ራሴ ነበርኩ፤ አንዳንዴ ስድስት ላይ ሲደርስ ይጠፋብኝና ከአንድ እጀምራለሁ።

የወጣሁ ቀን ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። በሩን ስከፍት ቤቱ እንደተውኩት ነው፤ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሰሃን፣ ወንበሩ ላይ የተውኩት ሹራብ። አሥራ አንድ ቀን ማንም አልገባበትም፤ ማንም አላንኳኳውም። ያን ያህል ዓመት የኖርኩበት ጸጥታ ነው፤ ሰምቼው የማላውቅ ይመስል በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩት። ሆስፒታልዎ ይህን አላደረገብኝም። ቀድሞም የነበረ ነገር ነው። የእናንተ ድርሻ በክፍሉ ሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብዬ እንድናገረው ማድረግ ብቻ ነበር።

የተከበሩ ዶክተር፣ ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ ሁለት ነገር ለመለመን እደፍራለሁ። የመጀመሪያው፣ ቅጹ ላይ «የቅርብ ቤተሰብ» የሚለው ቃል ተሰርዞ «ሊቀመጥለት ፈቃደኛ የሆነ ሰው» ተብሎ ቢታረም። ፈቃደኛ ሰው ያልተገኘለት ታማሚ ቢመጣ ደግሞ፣ ፓምፑን ከመዝጋት በፊት አንዲት ነርስ ወንበሯን ወደ አልጋው እንድታስጠጋ ቢታዘዝ። ሁለተኛው፣ ይህ ደብዳቤ ገቢ ተደርጎ በዶክተር ዑራኤል የግል ማህደር ውስጥ እንዲያያዝ። በማህደር አያያዝ ደንብ የኋለኛው ወረቀት ከላይ እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ የእርስዎ መዝገብ ቤት ያውቃል፤ ከዛሬ አሥር ዓመት በኋላ ያንን ማህደር የሚከፍት ሰው ማስጠንቀቂያውን ከማየቱ በፊት እኔን እንዲያገኝ እፈልጋለሁ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ በአደባባይ ስላመሰገንኩዎት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሕይወት በመቆየቴ ምክንያት ይህን ለማንበብ ስለተገደዱ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎና ለመመሪያዎችዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎት፣

በአራት ቀዳዳና በአንድ ሐሰተኛ ሰነድ የምትታወቀው ታማሚዎ
ሐመልማል ዘሪሁን
ፊርማ አለው

ግልባጭ፡-
ለዶክተር ዑራኤል
ለወይዘሮ ነቢላ ጉቱ፣ ጎበሳ

ማስታወሻ፡- እርስዎም ቤተሰብዎን አዲስ አበባ ትተው እዚህ ብቻዎን በኪራይ ቤት እንደሚኖሩ፣ ማታ ራትዎን ከሆቴል አስጠቅልለው እንደሚገቡ ሰዎች አጫውተውኛል። ሐሞትዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። እንደው አንድ ቀን በሌሊትም ይሁን በቀን ድንገት ቢይዝዎትና ያንን ቅጽ ለመሙላት ቢገደዱ፣ አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት እንዳይቀመጡ የእኔን ስም ይጻፉ። እመጣለሁ፤ ትንፋሽም እቆጥራለሁ፣ አሁን በሁለት ቋንቋ እችላለሁ። በዝምድና ረድፍ ላይ ምን እንደሚሉኝ ግን ከወዲሁ ከአቶ ይስሃቅ ጋር ቢነጋገሩበት ይሻላል፤ የአባትዎ ስም ዘሪሁን አይደለምና።